የእትዬ ውድነሽ ቁጣ

«እኅታችን ብዙ ነገር ቀርቶባት ነው ያለፈችው» አሉ የቤተ ክርስቲያኑ መሪ ጋሽ ደጀኔ ማይክራፎኑን ወደ አፋቸው አስጠግተው። «ትዳር ሳትይዝ፣ ልጅ ሳትስም፣ ስትሰፋ ኖራ ስትሰፋ አረፈች። ግን ግድ የለም፤ ጌታ በሰማይ ይክሳታል።»

ድንኳኑን የሞላው ሕዝብ «አሜን» አለ። እኔ አላልኩም። አጠገቤ የተቀመጠችው ጓደኛዬ ሰላም እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ፤ ተነሥቼ እንዳልጮኽ ፈርታ ይመስለኛል። አልተሳሳተችም፤ ለመነሣት ጥቂት ነበር የቀረኝ።

በለቅሶ ቤት ብዙ ውሸት ይዋሻል፤ አብዛኛውንም ችለን እናሳልፈዋለን። ስስታሙ ቸር፣ ነገረኛው ሰላማዊ ይባላል፤ ቤተሰቡ እንዲጽናና ነው እንላለን። በእትዬ ውድነሽ ላይ የተደረገው ግን ከውሸት ይብሳል። አዘኑላት። በዕድሜዬ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ ለምን እንደምትኖር አውቃ የኖረችውን ሴት፣ ኑሮ እንዳመለጣት ምስኪን አድርገው ከንፈር መጠጡላት። ደግሞ ማን ነው ያዘነላት? ከማስተማር ያገዷት ሰውዬ! ጋሽ ደጀኔ ራሳቸው!

እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። መምህርት ሆኜ ቡታጅራ ስመደብ በከተማው የማውቀው ሰው አልነበረም። ክፍል ውስጥ የምለብሰውን ነጭ ጋዋን የሚሰፋልኝ ሳፈላልግ ወደ አንዲት ጠባብ የስፌት ቤት አመላከቱኝ። ሜትር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ቀጭን፣ ግንባሯን ቋጠር የምታደርግ ሴት ከስፌት መኪናው ተነሥታ ትከሻዬን መለካት ጀመረች።

«ስምሽ ማነው?» አለችኝ።

«ትዕግሥት።»

«ታውቂበታለሽ?»

«ምኑን?»

«ትዕግሥቱን።»

«ብዙም» አልኳት።

«እንግዲያው እንስማማለን» አለችና ሳቀች። ስትስቅ ግንባሯ ይፈታል፤ ወዲያው ደግሞ ተመልሶ ይቋጠራል።

አንቱ መባል አትወድም ነበር። «አንቱ ስትሉኝ ራቅ ብላችሁ ልትቆሙ ይመስለኛል» ትላለች። ስለዚህ እናቴ ልትሆን የምትችለውን ሴት አንቺ እላት ነበር፤ አሁንም እንደዚያው ልጻፍ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የስፌት ቤቷን በር ገርበብ አድርጋ ወጣቶችን ታስተምር ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ «የቃል ጥናት» ይለዋል፤ እሷ «ልምምድ» ነበር የምትለው። «ደቀ መዝሙር ማለት መምህሩ ሲሄድ ተከትሎት የሚሄድ ነው። ቁጭ ብሎ መምህሩ እንዴት እንደሚሄድ የሚያጠና ሌላ ስም ይፈለግለት» ትላለች። ሁላችንም ተሰብስበን፣ ዘምረን፣ ጸልየን ስናበቃ አዲስ ክፍል አትከፍትም። መጀመሪያ «ባለፈው ሳምንት ያነበብነውን ማን አደረገው?» ብላ ትጠይቃለች። ዝም ካልን «በሉ ዛሬም እዚያው ነን» ብላ ታሰናብተናለች። ከተቀየምከው ወንድምህ ጋር አስቀድመህ ታረቅ በሚለው ቃል ላይ እስኪሰለቸን ድረስ ቆየን።

አንዱ በመጨረሻ አጉረመረመ። «እትዬ፣ ሌሎቹ ቡድኖች እኮ የሐዋርያትን መልእክቶች ጨርሰዋል።»

«ጨርሰውት እንደሆነ ጎረቤቶቻቸውን እንጠይቃቸዋ» አለችው።

አንድ ነገር በጣም ያበግናት ነበር። «እጸልይበታለሁ» ሲባል መስማት አትወድም። ጸሎት ጠልታ አይደለም፤ ጎህ ሳይቀድ የምትጸልይ ሴት ናት። ሰው የሚያውቀውን ላለማድረግ ጸሎት ውስጥ ሲደበቅ ግን ፊቷ ይለዋወጣል። ተካልኝ የሚባል የባጃጅ ሹፌር አብሮን ይማር ነበር። አባቱ ሃይማኖት ቀየርክ ብለው ከቤት ካስወጡት ዓመታት አልፈዋል፤ እሱም ዞር ብሎ አላያቸውም። አንድ ቅዳሜ ተራው ሲደርስ «ለአባቴ እየጸለይኩ ነው» አለ።

«አባትህ የት ነው ያለው?»

«እምድብር።»

«እምድብር መኪና አይሄድም?»

«ይሄዳል።»

«ታዲያ በሰማይ አዙረህ የምትልክለት ለምንድን ነው?»

በማግስቱ አስነሥታ ይዛው ሄደች። የሆነውን ተካልኝ ነው የነገረን። አባትየው በሩ ላይ ቆመው «ለመስበክ ከሆነ የመጣችሁት ተመለሱ» አሉ። እትዬ ውድነሽ «ልጅህን ነው ያመጣሁልህ፤ ቆጮ ካለህ ደግሞ እንበላለን። በአረቅጥ መንገድ ዞረን ስንንገላታ ነው የዋልነው» ብላ መለሰችላቸው። ሽማግሌው ሳያስቡት ሳቁ፤ በሩን ለቀቁ። ከዚያ ወዲያ ተካልኝ በየጊዜው እየሄደ ማሳቸውን ያርምላቸው ጀመር። አባቱ ብዙ አልቆዩም፤ ሞቱ። በቀብሩ ላይ ተካልኝ ከማንም በላይ አለቀሰ፤ ግን ደረቱን እየደቃ «ምነው በሄድኩ ኖሮ» የሚለውን ልቅሶ አላለቀሰም። ሄዶ ነበራ! ይህን ያደረገችውን ሴት ነው እንግዲህ ብዙ ነገር ቀረባት ያሉን።

አሁን ስለ ማቴዎስ ላውራችሁ።

ማቴዎስ ቡታጅራ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ከኛ ቡድን ነበር። እናቱ እማማ ብርቄ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው መንደር ሸክላ ይሠራሉ። እንጨት የሚጠርቡትን፣ ሸክላ የሚሠሩትን፣ ቆዳ የሚያለፉትን ሰዎች ለይተው የሚጠሩበት አንድ ስም አለ። አልጽፈውም፤ ስድብ ነው። ሌላው ሰው ከነሱ ጋር አይጋባም፣ በአንድ ገበታ አይቀርብም። የጉራጌን ሕዝብ ለመንቀፍ አይደለም ይህን የምለው፤ እኔ ባደግኩበት አገርም ማረሻ የሚሠራለትን ቀጥቃጭ ቡዳ እያለ የሚሸሽ ገበሬ ሞልቷል። ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአንድ ጽዋ ጠጥተን፣ በአንድ ደም ተገዛን ብለን ዘምረን ስናበቃ እበር ላይ ስንደርስ ወደየአጥንታችን መመለሳችን ያንገበግበኛል። የቤተ ክርስቲያኑን አግዳሚ ወንበሮች የሠራው ማቴዎስ ነው። ጋሽ ደጀኔ ቆመው የሚሰብኩበትን መድረክም እሱ ነው የሠራው። እሑድ እሑድ አቅፈው «ወንድም ማቴዎስ» ይሉታል።

የጋሽ ደጀኔ ልጅ ሰላምም ከኛ ጋር ትማር ነበር። እሷና ማቴዎስ ተዋደዱ። ዘመድ ሁሉ ከአዲስ አበባ ወደ አገሩ በሚገባበት በመስቀል ሰሞን ማቴዎስ ሽማግሌ ላከ። ሴት ለሽምግልና መሄዷ ያልተለመደ ቢሆንም እትዬ ውድነሽን እንደ እናት አድርጎ ከሽማግሌዎቹ ጋር ጨመራት። እኔ በዚያን ቀን ሰላም ዘንድ ጓዳ ነበርኩ፤ ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«ልጁን አልጠላውም» አሉ ጋሽ ደጀኔ። «በጌታ ወንድሜ ነው። ይኼ ግን የዘር ነገር ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ አይደለም።»

«ጌታ እቤትህ ሲገባ የዘሩን ክፍል ቆልፈህበት ነው?» አለች እትዬ ውድነሽ።

«እኅት ውድነሽ፣ አገር ቤት እናቴ አለች። አጎቶቼ አሉ። እነሱን ምን ልበላቸው?»

«ያመንከውን ንገራቸው።»

«እንግዲህ እጸልይበታለሁ» አሉ።

ጓዳ ሆኜ ዓይኔን ጨፈንኩ። የሚመጣውን አውቄዋለሁ።

«ደጀኔ፣ ሰው ስለማያውቀው ነገር ነው የሚጸልየው። አንተ ይህን አላውቅም ልትል ነው? እኔና አንተ አብረን ነው የተጠመቅነው። ከውኃው ስትወጣ የምትፈራው ሰው እንደሌለ ነግረኸኝ ነበር። አሁን እየሸሸህ ያለኸው ማንን ነው?»

ሽማግሌዎቹ የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ ተነሥተው ወጡ። ሰላም ጓዳው ውስጥ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ታለቅስ ነበር።

እትዬ ውድነሽ ጻድቅ ናት ብዬ አልሸነግላችሁም። ቁጣዋ አንዳንዴ ቀድሟት ይሄዳል። በዚያው ወር የቤተ ክርስቲያናችንን ሴቶች እቤቷ ምሳ ጠራች፤ እማማ ብርቄንም ጠራች። ከመሀል አስቀመጠቻቸውና ገበታው ሲቀርብ «ዛሬ እማማ ናቸው የሚያጎርሱን» አለች።

የጋሽ ደጀኔ ባለቤት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «ጾም ይዣለሁ» ብለው ተነሡ። አንዷ ጨጓራዋ እንደማይመቻት ትዝ አላት። ሌላዋ ስልኳን እያየች ወጣች። እማማ ብርቄ የጠቀለሉትን ቆጮ በጎመን እንደያዙ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

እማማ ብርቄ ጉርሻውን ወደ ገበታው መለሱትና ተነሡ። የተናገሩት ግን ለወጡት ሴቶች አልነበረም።

«ልጄ፣ እኔ ሥራዬን አስቀምጬ የመጣሁት እንግዳ ነሽ ብለሽ ስለጠራሽኝ ነው። ለካ ለነሱ ማስተማሪያ ልታደርጊኝ ነው። ከእጄ ሲሸሹ ማየት አዲስ መስሎሽ ነው? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳየው ነው የኖርኩት። ዛሬ ደግሞ ለምን በሰው ፊት?»

እትዬ ውድነሽን እንደዚያ ቀን ሆና አይቻት አላውቅም። ሌላ ሰው ቢሆን «ለጥሩ አስቤ ነው» ይላል፤ እኔ ብሆን እላለሁ። እሷ ግን እዚያው ሰው ፊት ተንበረከከች።

«እውነትዎን ነው። አጥፍቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

አሮጊቷ ቁልቁል አዩዋት። «ይቅርታውን እቤቴ መጥተሽ ትወስጃለሽ» ብለው ወጡ።

ሄደች። በሚቀጥለው ሳምንት ሳይሆን በማግስቱ። አንድ ጊዜ እኔም አብሬያት ሄጃለሁ፤ ከጎጆው ደጅ ማሰሮና ጀበና ፀሐይ ላይ ተደርድሯል፤ እማማ ብርቄ ደግሞ «ወዲያ በይ፣ ትሰብሪብኛለሽ» እያሉ ይቆጧታል። ከአንድ ገበታ በላን። እነሱ ሁለቱ ስለ ሁሉም ነገር ይከራከሩ ነበር፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰባኪዎቹ፣ ስለ ማቴዎስ ችኮላ። እትዬ ውድነሽ በጉራግኛ «አዶት» ትላቸው ነበር፤ እናት ማለቷ ነው። እሳቸው ደግሞ ከገበያ ሲመለሱ ስፌት ቤቱ ገብተው እግራቸውን ያሳርፋሉ። ከዚያ በኋላ ማንም ማስተማሪያ አላደረጋቸውም።

ቤተ ክርስቲያኑ ግን አልማራትም። መሪዎቹ ጠሯት። ባህል ነቅፈሻል፣ ጉባኤ ከፍለሻል፣ የአባትን ቤት ደፍረሻል አሏት። «ይቅርታ ጠይቂና ወደ አገልግሎትሽ ተመለሽ» ሲሉ የተናገሩት ጋሽ ደጀኔ ናቸው።

«የበደልኳቸውን እማማ ብርቄን ይቅርታ ጠይቄያለሁ» አለች። «ሌላ የበደልኩት ሰው ካለ ይንገረኝ፤ አሁኑኑ እጠይቀዋለሁ።»

እንዲህም ሆኖ አገዷት። በዚያች ከተማ ሰውን ከልቡ የምታስተምር አንድ ሴት ነበረች፤ እሷን ዝም በይ አሉ!

እኔ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን እወጣለሁ ብዬ ፎከርኩ። ስፌት ቤቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እያልኩ ስሳደብ እሷ ኮሌታ በመቀስ እየቆረጠች ታዳምጠኝ ነበር።

«ጨረስሽ?» አለችኝ።

«አልጨረስኩም!»

«መቆጣትሽ ደግ ነው፤ ጌታም ተቆጥቷል። ግን ተቆጥተሽ ቤትሽ ብትገቢ ማን ይጠቀማል? እማማ ብርቄ እሑድ ሲመጡ ማን አጠገባቸው ይቀመጥ?»

አልወጣሁም። ወደ ወልቂጤ እስክዛወር ድረስ እሑድ እሑድ ከእማማ ብርቄ አጠገብ ተቀመጥኩ። እትዬ ውድነሽም ከኛ ጎን እንደማንኛውም ምእመን ቁጭ ብላ የጋሽ ደጀኔን ስብከት ታዳምጥ ነበር፤ ጥሩ ሲናገሩ «እሰይ» ትላለች። ቂም የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። እኔ እሱን አልቻልኩበትም።

ሰላም ግራ ገብቷት ስትመጣ ታገቢዋለሽ አላለቻትም። «እኔን ለማስደሰት የምታገቢው ከሆነ ይቅርብሽ» አለቻት። «አባትሽን ለማናደድም ከሆነ ይቅርብሽ። ስታረጂ ዞረሽ ስታዪው የማታፍሪበት የቱ ነው? እሱን አድርጊ። ከዚያ ማንንም አታመካኚ።» ሰላም ብዙ አሰበች፤ አባቷን ደጋግማ ለመነች። በመጨረሻ ወልቂጤ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ጉባኤ ተጋቡ። ቬሎውን የሰፋችው እትዬ ውድነሽ ናት። ከሙሽራዋ ቤት ማንም አልመጣም። እማማ ብርቄና እትዬ ውድነሽ ጎን ለጎን ቆመው እልል ሲሉ፣ ሁለቱም ድምፃቸው ለእልልታ የማይመች ስለነበር ሰው ሁሉ ሳቀ።

ባለፈው ክረምት ታመመች። ልጠይቃት ስሄድ ከአልጋዋ ቀና ብላ ነበር፤ ሰውነቷ አልቆ ግንባሯ ብቻ እንደ ድሮው ተቋጥሯል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ «እትዬ፣ የሚጸጽትሽ ነገር አለ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እንዴት አይኖር!» አለች። «ልጅ ሆኜ አገር ቤት አንዲት ሸክላ ሠሪ ደጃችን መጥታ ውኃ ለመነች። እናቴ በብርጭቆ እንዳትሰጫት አለችኝ። እኔ የእንሰት ቅጠል ቆርጬ በቅጠሉ አጠጣኋት። ስትጠጣ ቀና ብላ አየችኝ። ካደግኩ በኋላ ፈለግኳት፤ አላገኘኋትም። ይኼ አንድ እዳ አለብኝ፤ ለጌታ ሰጥቼዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ሌላ ላለመጨመር ስሮጥ ነው የኖርኩት። ችኩል የምትሉኝ ለዚያ ነው።»

ጥቂት አረፈችና «ሌላ የለብኝም። ደክሞኛል እንጂ አልቀረብኝም» አለች። የሰማሁት የመጨረሻ ቃሏ ይኸው ነው።

እንግዲህ በድንኳኑ ውስጥ ጋሽ ደጀኔ የሚሉትን ስሰማ እጄን ሰላም ባትይዘኝ ምን እል እንደነበር ገምቱ።

ከቀብር መልስ ምሳ ሲቀርብ ጋሽ ደጀኔ ወዳለሁበት መጡ። ፀጉራቸው ነጥቷል።

«አስተማሪ፣ የሕይወት ታሪኳን አሳጥረሽ ጻፊልን» አሉኝ። «በስሟ ለሴቶች የስፌት ማሠልጠኛ ልንከፍት አስበናል።»

«በሕይወት ሳለች ከማስተማር ከልክላችኋት ሞታ በስሟ ልታስተምሩ ነው?»

«የሆነው ሆኗል፤ ሰው ይሳሳታል» አሉ። ከዚያ ዓይናቸው ከኔ አልፎ ወደ ድንኳኑ ጥግ ሄደ። ሰላምና ማቴዎስ ከእማማ ብርቄ ጋር ተቀምጠዋል። አንድ ሕፃን በእማማ ብርቄ ጉልበት ላይ ሆኖ ዳቦ ይገምጣል። ጋሽ ደጀኔ ያን ልጅ ከተወለደ አይተውት አያውቁም። ወልቂጤ ለመድረስ ምን ይፈጃል? ምንም!

«የነሱ ነው?» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«የማን ሊሆን ኖሯል?»

«ስሙ ማነው?»

ልነግራቸው እችል ነበር። አልነገርኳቸውም። «አፉን ፈትቷል» አልኳቸው። «እዚያው ነው ያለው። ሄደው ራስዎ ይጠይቁት።»

ትንሽ ቆሙ። እግራቸው ወደዚያ የተነሣ መሰለኝ። በዚያው ቅጽበት ከመዘምራኑ አንዱ «ጋሽ ደጀኔ፣ በጸሎት ይዝጉልን» ብሎ ማይክራፎኑን ዘረጋላቸው። ማይክራፎኑን አዩ፤ ልጁን አዩ። ማይክራፎኑን ተቀበሉ።

ረጅም ጸሎት ነበር። ስለ እትዬ ውድነሽ አመሰገኑ፤ ስለ ቤተሰብ አንድነት ለመኑ። ድምፃቸው ሲቆራረጥ ሰምቻለሁ፤ የውሸት ልቅሶ አልነበረም፤ አልዋሽባቸውም። አሜን ብለው ዓይናቸውን ሲገልጡ በቀጥታ ወደ ጥጉ ተመለከቱ። ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ። የወልቂጤ መኪና እንዳያመልጣቸው ሰላምና ማቴዎስ ልጁን አቅፈው ወጥተዋል፤ እማማ ብርቄም ሊሸኟቸው ተከትለዋል።